ሁለተኛው ደቂቃ ላይ

"ሦስት ስላችሁ ሁላችሁም በአንዴ ንኩት! ቀድሞ የነካ ወዮለት!"

መምህሩ ነው፣ በስልክ፤ የሚጮኸው አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጡት ተማሪዎቹ ነው። ማየት የተሳናቸው ሦስት መቶ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው የተቀዳ መጽሐፋቸውን ሊከፍቱ ስልካቸውን ይዘዋል። ፈተናቸው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መጽሐፋቸውን አንብቤ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተወሽቄ። ኮት የውጭ ድምፅ ያፍናል።

ባለፈው ሳምንት የሞከርነው አልጋዬ ሥር ካለው ኮምፒውተር ነበር። ሃያኛው ልጅ ሲከፍተው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ አጓራና ቀጥ አለ። ርዕሰ መምህሯ "አንድ ዕድል ብቻ" አሉ። ዛሬ እምቢ ካለ፣ ልጆቹ እንደ ድሮው የሚያነብላቸው ሰው ሲለምኑ ፈተናው ይደርሳል።

ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩን የገጣጠመው እሱ ነው፤ አኩርፏል።

"የደከምሽበትን ነገር የማታውቂው ሰው ቤት አስቀምጠሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"ጥርግ አድርጎ።"

"ትልቅ ማሽን እንግዛ ብዬሽ ነበር።"

"በማን ብር? በወንድምህ?"

 የባሌን ቋጣሪነት ከኔ በፊት ያውቀዋል።

ድምፆቹን ወደ ክላውድ ያዛወርኳቸው ማክሰኞ ነው፣ ልብስ ዘፍዝፌ። ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ መጋዘን በለው። ቅጂ አባዝቶ፣ ለሚሰማው ሰው ቅርብ ከሆነው ቦታ ያደርሳል። የሚያስከፍለው በተሰማው ልክ ነው። ልጆቹ ወሩን ሙሉ ቢሰሙት እንኳ ክፍያው ትልቁ ማሽን ለሚበላው መብራት አይሞላም።

"አንድ... ሁለት... ሦስት!"

ጭጭ።

ማራገቢያውም አይሰማም። አጎንብሼ አልጋው ሥር አያለሁ። ድመቷ ኮምፒውተሩ ላይ ተጠቅልላለች፤ ሲሠራ ስለሚሞቅ ቤቷ አድርጋዋለች።

"በቃ፣ አልሠራም" ይላል ዋርሳዬ፣ ደስታውን ለመደበቅ እየታገለ።

"ሃሎ? መምህር?"

 አንድ ደቂቃ ያልፋል። የአውራ ጣቴን ጥፍር ጨርሼ ወደሚቀጥለው ሄጃለሁ።

ከዚያ ስልኩ በሳቅ ሊፈነዳ ይደርሳል። አዳራሹ በሙሉ፣ በአንድ አፍ።

"ምን ሆኑ?" ይላል ዋርሳዬ።

ይገባኛል። ቅጂው ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የልብን ክፍሎች ስዘረዝር፣ ድመቷ ቁም ሳጥኑን ቧጥጣ "ሚያው!" ብላ ነበር። ቆርጬ ላወጣው ነበር፤ ማን ጊዜ አለው።

ሦስት መቶ ልጅ እዚያች ሚያው ላይ እኩል ደርሷል። አንድም የዘገየ የለም።

"አንቺ ሴትዮ!" መምህሩ እየሳቀ ይጮሃል። "አንዱም ጋ አልተቆራረጠም! ለሁሉም ደረሰ! ያቺን ድመት ሳሚልን!"

ከኋላው ርዕሰ መምህሯ ይሰማሉ፦ "እንዳትለቃት! የቀሩትንም መጻሕፍት ትቅዳልን!"

ዋርሳዬ ይንበረከካል። እጁን አልጋው ሥር ሰዶ ኮምፒውተሩን ይዳስሳል።

"ሦስት መቶ ልጅ እየሰማ፣ እሱ በረዶ ሆኗል" ይላል፣ ቀስ ብሎ።

ድመቷ ቀድማው አውቃለች። ትነሳለች፣ ትንጠራራለች፣ ሁለታችንንም ትገላምጠናለች። ከዚያ ቀዝቃዛውን ሣጥን ትታ እሱ ጭን ላይ ትወጣለች።