የሣሩ ዋጋ

«ድንጋዮቹስ?» አለች ዶርቃ፣ ገና የግቢውን በር እንዳለፈች።

ካሳዬ የውሃ ጎማውን አስቀምጦ በፈገግታ ተቀበላት። የቤቱ ባለቤት ሣሩን ልታይ መምጣቷ አኩርቶታል። ቤቱን የተከራየው ድርጅት ሥራውን ሲሰጠው፣ በጁባው ሃይ ማላካል ሰፈር እንዲህ ያለ ግቢ አይገኝም ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ ነበር። ዘሩ ከተዘራ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ጫፍ ጫፉን ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል።

«የትኞቹ ድንጋዮች፣ ማማ?»

«ከኒሙ ዛፍ ወዲህ፣ ዙሪያውን የተደረደሩት።»

«እነሱማ ከቆሻሻው ጋር በመኪና ሄዱ። አሮጌ የአበባ መደብ መስሎኝ ነው። ከፍ ብሎ የነበረውን አፈር ወደ ጎድጓዳው በተንኩት። ጥሩ አፈር ነበር።»

ዶርቃ የምትለው ጠፋት። ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከእሱ አያንስም፤ ሲያልቅባት ደግሞ የጁባን ዓረብኛ ጣል ታደርግበታለች። ዛሬ ሁለቱም እምቢ አሏት።

«ስንት አስከፈልካቸው?» አለች በመጨረሻ።

ጥያቄው ቀለለው። ዘሩ ከካምፓላ መምጣቱን፣ በየቀኑ አንድ ቦቴ ውሃ መጠጣቱን ዘረዘረላት።

«ለመደልደሉስ?»

«እሱ ለብቻው ነው። በሲባጎና በውሃ ልክ ሦስት ቀን ሙሉ ለፍቼበታለሁ። ከዳር እስከ ዳር የአንዲት ጣት ብልጫ አያገኙበትም።»

«ልጄ ነበር» አለች ዶርቃ። «ሉቃስ። ገና አራት ዓመቱ። እኛ ሰዋችንን ከቤት አናወጣም፤ ግቢያችን ውስጥ ነው የምንቀብረው። ስድስት ዓመት እዚህ ኖረህ ይህን አታውቅም?»

ካሳዬ ክው አለ። ያውቃል። ማላኪያ ሰፈርም ረጃፍም ከየቤቱ ደጃፍ በሲሚንቶ የተሠሩ መቃብሮች አይቷል። ይህ ግን ትንሽ ነበር፤ የሰው ቁመት አልነበረውም። እሱ ባደገበት አገር ሙት የሚያርፈው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው፤ ዓይኑም የአትክልተኛ ዓይን ሆነና የተደረደረ ድንጋይ ሲያይ አበባ ታየው። ይህ ሁሉ ግን ለእናት የሚነገር ምክንያት አይደለም። አፈረ፤ ከማፈርም አልፎ ፈራ።

«ማሌሽ፣ ማማ» አለ። መንገድ ላይ ትከሻ የገፋ ሰው ይቅርታ የሚልበት ቃል ነው፤ ለራሱም ጆሮ ቀለለበት።

«ቦታውን ብቻ አሳየኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

ካሳዬ ወደ መሐል ገባ። ከኒሙ ሥር ተነሥቶ ስድስት እርምጃ ቆጠረ። ሰባት ይሆን? ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ አጥሩን አየ፣ ተመልሶ ዛፉን አየ። መሬቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ቡቃያውም በየቦታው እኩል ሳስቶ ወጥቷል። ሥራው እንከን የለውም። እዚህ ጋ ነው ቢላት ታምነዋለች፣ አበባም ታስቀምጥበታለች። ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልቻለም።

«አላውቀውም» አለ።

ዶርቃ ሣሩን ሳትረግጥ ከዳር ቆማ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ከዚያ የተኛ ልጅ እንዳይነቃ በሚወጣ ድምፅ፣ «እግርህን አንሣ» አለችው።

ካሳዬ ቀኝ እግሩን አነሣ። በግራው ብቻ ቆሞ፣ ያነሣውን እግር የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።