አማትን ሽቅብ መጎተት

ሾፌሩ አማቱን ከነጓዛቸው ወደ ቤቱ ሊያመጣ የወጣው አስፋልቱ እንደ ማስቲካ ጫማ ሥር በሚለጠፍበት ቀን ነበር።

ሐሳቡ የሚስቱ ነው። እናቷ ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው እንደተጋደሙ ቆይተዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። "ብቻዋን ትሙት?" እያለች ሾፌሩን ትወተውተው ነበር። በመጨረሻ በገዛ እጁ አንዱን ክፍል ቀለም ቀባ፤ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይም መደገፊያ ብረት ተከለ።

አማትዬው እንቢ ሲሉ ከርመው፣ "እሺ፣ ካላችሁ" አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ሚኒባሷም ትምጣ።

"እማማ፣ ከቆመች እኮ ስንት ዓመቷ!" አለ ሾፌሩ።

"እኔስ ቆሜ የለ እንዴ? እኔንም ተዉኛ!"

የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ሲያመላልሱ ያረጁባት ሚኒባስ ናት። ሞተሯ ከሞተ ወዲህ የአበባ ማሰሮዎቻቸውን በየወንበሩ ደርድረው፣ እንዳይወድቁም ቀበቶ አስረውላቸዋል።

ሾፌሩ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ናፍጣ በምትጠጣው አሮጌ የጭነት መኪናው ላይ ጫነ። ሚኒባሷን ከኋላ በመጎተቻ ብረት አያያዘ።

"እማማ፣ ከኛ ጋር ጋቢና ይግቡ።"

"መሪ ባዶውን አይሄድም፣ ልጄ" አሉና ከአበቦቻቸው ፊት፣ የሚኒባሷ መሪ ላይ ተሰየሙ።

የጭነት መኪናዋ ገና ከሰፈር ሳትወጣ ከበዳት። ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ ገባ። ነዳጅ ቢረግጥ ጩኸት እንጂ ጉልበት የለም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ አንደኛ። ጃንጥላ የያዘ እግረኛ አለፋቸው፤ ካለፈ በኋላም ዞሮ፣ "በርቱ!" አላቸው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ ሾፌሩ፣ ሚስቱን ለማሳቅ።

አልሳቀችም። "የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።"

"ፍሪሲዮኑ ነው።"

"ትናንት አሸዋ ሞልተህ ይኸንኑ ዳገት አልወጣህም?"

"ወጥቻለሁ።"

"እናቴ ስትሆን ነው እንግዲህ የሚያተኩሳት።"

ቆመው ኮፈኑን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ቡፍ አለ። ሾፌሩ የውሃውን ጀሪካን ሊያመጣ ወደ ሚኒባሷ ሲሄድ አማቱ አበቦቹን እያጠጡ ደረሰ።

"እማማ፣ ለራዲያተሩ ነበር እኮ!"

"ውይ በሞትኩት! እነዚህም ሞቋቸው ነው፣ ልጄ።"

የተረፈችው ውሃ ለአንድ ሰው ጥም እንኳ አትበቃም። አንድ መንገደኛ ሾፌር ቆመና መከራቸው፤ "የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ የሞተሩን ሙቀት ይስብልሃል።"

በዚያ ሐሩር ማሞቂያ ከፍተው ተጓዙ። የሚስቱ ፊት በርበሬ መሰለ።

"አሁን ደግሞ እኔን ልትቀቅል ነው?"

ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ጋራዥ አለ። ሞተርን ጆሮውን ደግኖ ስለሚመረምር መካኒኩን "ጆሮ" ይሉታል። ጆሮ ራዲያተሩን ሞላ፣ የማራገቢያውን ቺንጌታ አጠበቀ፣ የናፍጣውን ፊልትሮ ቀየረ። ከዚያ የጭነት መኪናዋን ከሚኒባሷ ፈትቶ ብቻዋን ዳገቱን አስወጣት። እንደ ፍየል ዘለለችው።

"ተገላገልክ!" አለው ለሾፌሩ።

ሚኒባሷን መልሰው አያያዙ፤ አማትዬው ቦታቸውን ያዙ። ጥቂት እንደሄዱ መኪናዋ አቃሰተች፣ አጨሰች፣ ቆመች።

ጆሮ እየሮጠ መጣና ራሱን አከከ። "መኪናህ ሰው ትለያለች እንዴ?" ብሎ ወደ ሚኒባሷ ጎማ ጎንበስ ሲል አማትዬው በመስኮት አንድ ማሰሮ አሸከሙት።

"እስቲ ይቺን ጥላ ሥር አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ፤ ልትደርቅብኝ ነው።"

ጆሮ ማሰሮውን እንዳቀፈ ፍርዱን ሰጠ። "የመጎተት አቅም የላትም። ከዚህ በላይ ካስጨነቅሃት ሞተሯ ነክሶ ይቀራል።"

ይሄኔ የሚስቱ ትዕግሥት አለቀ።

"አንተ ነህ! የሆነ ነገር ነካክተሃል! ድሮም እናቴ ቤትህ እንድትገባ አትፈልግም!"

"እኔ?" ሾፌሩ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። "የክፍላቸው ቀለም እኮ ገና ከጥፍሬ አልለቀቀም።"

ጥፍሮቹን አየች፤ ሆኖም አለቀሰች። እሱም ትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ። ባልሠራው ሥራ ራሱን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። "ምናልባት ልቤ ሳይፈልግ ቀርቶ እግሬ ነዳጁን ሳያውቀው እያላላ ይሆን?"

አማትዬው ከመስኮታቸው ብቅ አሉ።

"ልጆቼ፣ በኔ የተነሳ ትዳር አይፍረስ። መኪናዋም ብትሆን እንጀራችሁ ናት። መልሱኝ።"

"ብትወድቂስ፣ እማዬ?"

"ባልሽ መደገፊያ ብረት መትከል ይችል የለ? ለኔም ይትከልልኝ።"

"ነገ ጠዋት እተክልልዎታለሁ፣ እማማ" አለ ሾፌሩ። ይህን ሁሉ ቀለም ቀብቶላቸው፣ ይህን ሁሉ ላብ አፍስሶላቸው፣ መጨረሻ ላይ የተሸነፉለት እሳቸው ሆኑ።

ጆሮ ማሰሮውን ሲመልስ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። "እናት ማለት እንዲህ ናት" አለ።

ሚስቱ ጋቢና ገብታ የባሏን ትከሻ ያዘች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣ ሚኒባሷም ፊቷን ወደመጣችበት መለሰች።

አማትዬውም ከጠዋት ጀምሮ ስበው የያዙትን የእጅ ፍሬን ለቀቁት።