ለዓዲላ ሽማግሌዎች የቀረበው ሾርባ

ሳቢራ ጭብጥ ሙሉ ጨው ይዛ ድስቱ ላይ ቆማለች...

ድስቱ ውስጥ ያለው ሾርባ ነው። ግን እናንተ የምታውቁት የአጃና የሥጋ ሾርባ አይደለም።

ወተት፣ ፍሬው የወጣለት ቴምር፣ ትንሽ ሩዝ፣ ሄል... ጣፋጭ ሾርባ! ከሳቢራ በቀር ከሚሴ ውስጥ የሚሠራው የለም። ከእናቷ ነው የተማረችው።

አምና በረመዳን ይህንኑ ሾርባ ለባሏ ታላቅ እህት ለፊርደውስ ይዛላት ሄዳ ነበር።

ፊርደውስ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ይሄ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን እንጂ ለሰው አይቀርብም" አለች። ቤት ሙሉ እንግዳ ሳቀ።

ሳቢራም አብራ ሳቀች... ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ዓመቱን ሙሉ ቂሟን በሆዷ ይዛ ከረመች።

ዘንድሮ ታዲያ ፊርደውስ ራሷ ሳቢራ ደጅ ድረስ መጣች።

ልጇን ዓዲላን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከባቲ ሊመጡ ነው። ፊርደውስ ቤት ያፈጥራሉ። ዓዲላ ልጁን በድሩን ትወደዋለች፤ የቀረው የሽማግሌዎቹ ደስ መሰኘት ብቻ ነው።

ለየት ያለ ነገር ይቅመሱ፣ እኔ ጓዳ መጥተሽ ያንን ሾርባሽን ሥሪልኝ አለቻት። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ... ዓዲላ ሠራችው ነው የምንለው አለች።

ሳቢራ "እሽ" አለች። እንዲህ በቀላሉ እሽ ማለቷን ያኔ መጠርጠር ነበር!

በሌላው ዓመት የፊርደውስን የኢፍጣር ምግብ የምትቀምስላት ክርስቲያን ጎረቤቷ ብርቄ ነበረች። ዘንድሮ ግን ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ብርቄ በጾም ወተት በአፏ አይዞርም። ፊርደውስ ደግሞ እንኳን ልትቀምስ ምራቋን መዋጥም ትፈራለች።

እስከ መግሪብ አዛን ድረስ ይህን ድስት የሚቀምስ አንድም ሰው የለም...

ዓዲላ ከጠዋት ጀምሮ አብራት ቴምር ስትፈለፍል ውላለች። "አክስቴ፣ ደስ ይላቸው ይሆን?" እያለች አሥር ጊዜ ጠይቃታለች።

ሳቢራ ይሄን አሰበች። አስባም... ጭብጧን ፈታችው።

ጨው ድስቱ ውስጥ ገባ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ!

አዛን አለ። ሽማግሌዎቹ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ። ሾርባው ቀረበ።

ይኼኔ ፊርደውስ ድንገት ከጓዳ ጠራቻት። "ኮቱ ሳቢራ... ነይ፣ እዚህ ሼሁ አጠገብ ተቀመጪ።" ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሼህ አብዱልፈታህ ነበሩ።

ወደ እንግዶቹ ዞረች። "ይህን ሾርባ የሠራችው ሳቢራ ናት። ልጄ እጇን አላስገባችበትም። አምና ይህቺን ሴት በሰው ፊት አዋርጃታለሁ። ዛሬ በሰው ፊት ክብሯን ልመልስላት።"

ሳቢራ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል... ምነው ዛሬ?

አትጠጡ ልትል አፏን ከፈተች። ሼሁ ግን ቢስሚላህ ብለው ጎንጨት ብለውለታል። ፊታቸው ተጨማደደ።

ፊርደውስ ወደ ሳቢራ ጆሮ ጠጋ አለች...

"ጨውን ስትጨምሪ በመስኮት አይቼሻለሁ። አሁን ስምሽን ይዘውልሽ ባቲ ይግቡ።"

ለካ ይቅርታው ይቅርታ አልነበረም። እሷም እየተበቀለች ነበር!

ሹክሹክታው ግን አጠገባቸው ለነበሩት ሼህ ተሰማቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

"አንቺ እያወቅሽ ጨመርሽው። አንቺ ደግሞ እያወቅሽ አቀረብሽልን። ቀኑን ሙሉ የጾመን ሰው በቂም አስፈጠራችሁት። እኛ ልጃችንን ከዚህ ቤት አናጋባም።"

ለመግሪብ ሰላት ተነሥተው ወጡ... አልተመለሱም።

ሁለቱ ሴቶች ቀና ሲሉ ዓዲላ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"እኔ ምን አደረግኳችሁ?" አለች።



እኔ ይሄን ስጽፍ ራሱ ንዴቴ አልበረደም። ሰው ሲበቀል ዓይኑ የሚያየው ጠላቱን ብቻ ነው። መሃል ላይ የቆመው ምንም የማያውቅ ሰው አይታየውም። ሳቢራ ተበድላለች፣ እውነት ነው። ግን ዋጋውን የከፈለው የበደላት ሰው አይደለም... ቴምር የፈለፈለችላት ልጅ ናት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ዓዲላን ብትሆኑ ማንን ነው ቀድማችሁ ይቅር የምትሉት? እናታችሁን ወይስ አክስታችሁን? ወይስ ሁለቱንም አትምሩም? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።