ወንዝ የጠጣው ግዙፍ እና ኮስታራው ሰውዬ

"ዛሬም መጥቷል..."

ተራኪዋ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ አየችው።

ያ ኮስታራ ሰውዬ ዛሬም የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሥራዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥንታዊ ተረቶችን በቃል መተረክ ነው... ሕጓ ደግሞ ጥብቅ ነው። ስልክ በር ላይ ይቀራል፣ ተረት በጆሮ ብቻ ነው የሚወሰደው።

ራሷም ብትሆን ከአክስቷ ከሰማችው ላይ አንዲት ቃል አትቀይርም።

አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ ሰውዬው አይስቅም።

ግንባሩን ቋጥሮ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል... ተረቱ ሲያልቅ ማጨብጨብ የለ፣ ምን የለ፣ ተነስቶ ውልቅ ይላል።

"እያሾፈብኝ ነው" አለቻት ስልክ ለምትሰበስበው ጓደኛዋ። "ዛሬም እንደዚያ ካደረገ በቃኝ፣ ሁለተኛ መድረክ አልወጣም።"

የዕለቱ ተረት ወንዝ ጠጥቶ ስለጨረሰ ግዙፍ ነበር። አንዲት ልጅ የሟች እናቱን እንጉርጉሮ አዜመችለት... ግዙፉ ሆዱ ባባ፣ አለቀሰ፣ ወንዙም በእንባው ተመለሰ።

ሰውዬው ተነስቶ ወጣ።

ትዕግስቷ አለቀ... ጭብጨባውን ጥላ ተከተለችው።

"ወንድሜ፣ ምን በድዬህ ነው?"

ሰውዬው አፉን ግጥም አድርጎ፣ እጁን ብቻ እያወዛወዘ እርምጃውን ጨመረ።

ይባስ ብሎ ደሟ ፈላ። እስከ ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተከትላው ወጣች... ከጥድፊያው የተነሳ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ውስጥ አንዲት አሮጊት አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈዋል። መሬቱ ላይ የቧንቧ መፍቻዎች የሞሉበት የሥራ ቦርሳ አለ።

"እማዬ፣ ሳይጠፋብኝ ቶሎ ስሚኝ" አለ ሰውዬው። ከዚያም ድምፁን አጎርንኖ ግዙፉን ሆነ።

እናትየው በሳቅ ፈረሱ።

ለካ ደረጃ መውረድ ለማይችሉት እናቱ እየሸመደደላቸው ኖሯል... እንዳይቀዳላቸው ስልኩን በር ላይ ያስቀረችበት ደግሞ ራሷ ናት። ተራኪዋ በሀፍረት ተሸማቀቀች።

"ከዚያስ?" አሉ እናትየው።

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ... ተራኪዋ መንገድ ላይ ስትጨቀጭቀው መጨረሻው ጠፍቶበታል።

"ከዚያማ... ልጅቷ ቧንቧ ሠራተኛ ነበረች።"

"በዚያ ዘመን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴትዮዋ ናት ያለችው። መፍቻ ይዛ በአፉ ገባች፣ የሆዱን ቧንቧ ፈታችው፣ ወንዙ በአፍንጫው ወጣ።"

"አንተ፣ ይሄንስ ከራስህ ነው የጨመርከው።"

በር ላይ የቆመችው ተራኪ ሳቋ አመለጣት።

"ማን ነው?"

"ተራኪዋ ነኝ፣ እማማ።"

ሰውዬው ክው አለ።

"እንኳን መጣሽ፣ ልጄ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ... በአፍንጫው ነው የወጣው?"

አንዲት ቃል ቀይራ የማታውቀው ሴት ሰውዬውን አየችው... በዓይኑ እየለመናት ነው።

"አዎ፣ እማማ። በአፍንጫው ነው... ቃል በቃል ነው የነገረዎት።"

"እንግዲያው ይቅርታ፣ ልጄ" አሉ እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው። "እኔኮ ተረት የማይሆንልህ ይመስለኝ ነበር።"

መድረክ እተዋለሁ የሚለው ሐሳብ እዚያው ቀረ።

ወዳጆቼ... የሰው ፊት አይተን በራሳችን ላይ ስንት ጊዜ እንፈርዳለን። ግንባሩን የቋጠረ ሁሉ ጠልቶን አይደለም... አንዳንዱ ከእኛ ያገኘውን ለሚወደው ሰው እስኪያደርስ እንዳይጠፋበት ተጨንቆ ነው።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ... እውነተኛውን መጨረሻ ትናገሩ ነበር ወይስ እናንተም "በአፍንጫው" ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ እንከራከር።