ጭቃ የነካው አዲስ ቡትስ

ቡትሱ ዛሬም ጭቃ በጭቃ ሆኗል…

ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ግራ ገባት።

ትናንት ራሷ ጠርጋ ነው ያስቀመጠችው። ደግሞ እኮ ገና ከሱቅ የወጣ ነው፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ አድርጋው አልወጣችም።

ልጅቷ መሬት ቀያሽ ናት። ከተመረቀች ጀምሮ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት ቆይታ በስንት መከራ ሥራ አገኘች፤ በዚህ ሳምንት መጨረሻ መስክ ልትወጣ ነው።

ቡትሱን ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ ለምን ዓይነት ቦታ ነው ቢላት፣ ለሁሉም አለችው። ለድንጋዩም፣ ለጭቃውም፣ ለዝናቡም፣ ለሙቀቱም…

ሰውዬው ሳቀ። ሁሉን የሚችል ጫማ የለም፣ ብዙ የምትውይበትን አስቢ ብሎ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ውሃ የማያስገባ ቡትስ ሰጣት። እሷም በስስ ካልሲ ለክታው፣ ልኬ ነው ብላ ይዛ መጣች።

እናትየው ግን ሥራውን ገና ስትሰማ ነው የጠላችው። ብቻሽን ገደል ለገደል ልትዞሪ ነው ወይ ብላ ተቆጣች… ተጣሉ… ተኮራረፉ።

እዚህ ቤት ደግሞ ኩርፊያ የራሱ ወግ አለው። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ስታኮርፍ የምታናግረው የስፌት መኪናዋን ነው። "ምሳ ቀርቧል፣ የሚበላ ካለ" ትለዋለች መኪናውን። ልጅቷ ደግሞ ለፍሪጁ ትመልሳለች።

ታዲያ ማን ነው ቡትሱን አድርጎ የሚዞረው?

ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የእግራቸው ቁጥር አንድ ነው፤ ጫማ እየተዋዋሱ ነው የኖሩት። ግን እናትየው ጉልበቷን ያማታል… ደረጃ መውጣት እንኳ ሞቷ ነው። ምን ልትሆን ጭቃ ውስጥ ትገባለች?

አንድ ቀን ሶሉ ውስጥ ጠጠር ተሰክቶ ታገኛለች፣ ሌላ ቀን ቆዳው ርሶ…

ሰው ግራ ሲገባው ክፉ ክፉው ነው ቀድሞ የሚታየው። "እንዳልሄድ ልታበላሽብኝ ነው" አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ እናቴማ እንዲህ አታደርግም ብላ ራሷን ትቆጣለች። ትጠረጥራለች… ታፍራለች… ተመልሳ ትጠረጥራለች።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ጠዋት ስትነሳ ቡትሱ ቦታው የለም። ትዕግሥቷ አለቀ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

እናት መጣች… ያንኑ ቡትስ በወፍራም ካልሲ አድርጋ፣ አጥሩን እየተደገፈች፣ እያነከሰች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

እናት አጠገቧ ተቀመጠች። ቡትሱን አወለቀች፣ ካልሲውን ቀስ አድርጋ ገፈፈችው።

ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ተልጧል።

ልጅቷ እግሯ ሥር በርከክ አለች።

"ቆዳው ድርቅ ያለ ነበር" አለች እናት ዓይን ዓይኗን እያየች። "አሁን ለስልሷል። ዳገቱ ላይ አይንሸራተትም፣ ውሃም አያስገባም። ቁልቁለት ላይ ግን ጣት ይመታል፤ ላይኛውን ክር ጠበቅ አድርጊው። በስስ ካልሲ ደግሞ እንዳትሞክሪው።"

"እንድሄድ አልፈልግም አላልሽም?"

"አሁንም አልፈልግም… ከሄድሽ ግን እግርሽ እየደማ አትሄጂም።"

ልጅቷ የእናቷን እግር አቅፋ አለቀሰች። የጠረጠረችው ነገር አንገበገባት።

ወዳጆቼ… የተቃወመን ሁሉ ጠላታችን አይደለም። አንዳንዱ ሰው አትሂዱ እያለ ይጨቀጭቀናል፤ በምንሄድበት መንገድ ቀድሞን የሚቆስለውም ያው ሰው ነው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ… ሐሳባችሁን ሳይደግፍ እናንተን የደገፈ ሰው ማን ነው? ከታች ጻፉልኝ። ያኮረፋችሁት ከሆነ ግን ኮሜንቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ለሱ ደውሉለት።