ቀይ መስመር

ቀያሹ በሶሬቲ ጓዳ ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ሲያሰምር የሜትሩን ጫፍ የያዘችለት ራሷ ሶሬቲ ነበረች። ከአጥሯ ማዶ ያለው ቦታ ሊሸጥ መሆኑን ሰምታ፣ "ለሱቅ ይሆንሻል፣ ጎረቤት እንሁን" ብላ ትብለጥን ወደ ገርጂ የጠራቻትም እሷው ነበረች።

"ድንበሩ እዚህ ነው" አለ ቀያሹ። "አጥሩ አላግባብ ገብቷል፤ ጓዳው ያረፈው በሚሸጠው ቦታ ላይ ነው።"

ትብለጥ ክው አለች። "ጋሽ ቢተው፣ እኔ እስከ አጥሩ ይበቃኛል" አለችው ሻጩን። "ልጇ ልትወልድ የገባችበት ጓዳ ነው፤ እንዳላየን እንለፈው።"

"እኔማ አጥር ለአጥር ልሸጥልሽ ነበር። 'በግ እንኳ ተዳብሶ ነው የሚገዛ፣ ሳይለካ ንክች አላደርገውም' ብለሽ ድርቅ ያልሽው ማን ሆነሽ ነው?" አለ ጋሽ ቢተው እየሳቀ። "አሁን የራሴ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ አልተወውም። ካልፈለግሽው ሌላ ገዢ አይጠፋም።"

ትብለጥ ያችን ምላሷን ነቅላ ብትጥላት ወደደች። ሶሬቲን ቀና ብላ ማየት እንኳ አቃታት። ሶሬቲ ሜትሩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችና ጠጋ አለቻት።

"ትብለጥዬ፣ በይ አንቺው ግዢው" አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከማላውቀው ሰው አንቺ ብታፈርሺብኝ ይሻለኛል። ልጄ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ትታገሺኛለሽ።"