የደነቆረው ጌም

በየቤቱ ከሹክሹክታ በላይ መናገር ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጮክ ያለ የሰው ድምፅ የሰማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ወዲያው ራሱን ያጠፋል። የፀዳለ ሥራ ታዲያ ዕቃ ድምፅ እንዳይሰማ በድብቅ ማደንቆር ነው። ዛሬ እነ አቶ ምንተስኖት ቤት የመጣችው ለጌም ማጫወቻቸው ነው። የሶፋቸው ትራስ ሁሉ ጫፉ በጥርስ አልቋል።

የሚያደነቁረውን ቺፕ ገጥማ ስትጨርስ ማጫወቻው አልበራ አላት። ለካ አንዷ ሽቦ በደንብ አልተበየደችም። ደግማ በየደቻት፤ በራ።

“ጎል ሲያገቡ ይጩሁ፤ ካልጠፋ ደንቁሯል ማለት ነው” አለች በሹክሹክታ።

አቶ ምንተስኖት ጎል አገቡና ትራሱን ነከሱ።

“ኧረ ትራሱን ይልቀቁት!”

ለቀቁት። አፋቸው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

“እትዬ ብዙ፣ እስቲ እርስዎ እልል ይበሉልን” አለች ወደ ባለቤታቸው ዞራ።

ወይዘሮ ብዙአየሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ምላሳቸው ተርገበገበ፤ የተሰማ ነገር ግን የለም።

ፀዳለ ተናደደች። “በሉ ተዉት፣ እኔው እጮሃለሁ!”

ደረቷን ነፍታ አፏን በሰፊው ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሦስቱም ወደ ማጫወቻው ዞሩ። አልጠፋም።